ዐይን አይቶ ልብ የሳተው፤ የማስተዋል ምርመራ ታሪክ

ሰው ከተፈጠረ ጀምሮ በአምስቱ ሕዋሳቱ ከሚመጣለት ነገር ጥቂቱን እየመረጠ ብዙውን እየተወ ሲኖር፣ ይህ መምረጥ እንዴት እንደሚሆን በሰዓትና በመለኪያ መመርመር የተጀመረው ግን ከሁለት መቶ ዓመት ብዙም በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ ነው። የምርመራውም መነሻ የፈላስፎች ጉባኤ ወይም የሐኪሞች ትምህርት ቤት አልነበረም፤ በሥራ ላይ የተገኘ፣ መጀመሪያም እንደ ግዴለሽነት የተቈጠረ፣ አንድ ሰከንድ እንኳ የማይሞላ ስሕተት ነበር እንጂ። ከዚያም ወዲህ ሰዎች አንድን ነገር ተግተው እንዲጠብቁ በታዘዙበት ቦታ ሁሉ፣ በከዋክብት መመልከቻ ቤት ይሁን በጦር አውሮፕላን ውስጥ፣ በአየር ማረፊያ ግንብ ይሁን በሐኪም ጠረጴዛ ላይ፣ ጠባቂው በዐይኑ ፊት የቆመውን ነገር ሳያይ እየቀረ ሊቃውንቱን ወደ አዲስ ጥያቄ መርቷቸዋል። አንባቢው ከዚህ ታሪክ ቍራጭ ቍራጩን፣ ምናልባትም ስለ ጎሪላው የሚነገረውን ብቻ፣ ሰምቶ ይሆናል፤ እኔ ግን ከመነሻው ጀምሬ እንደየዘመኑ ቅደም ተከተል ልተርከው አስቤአለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከጥንት እስከ 1604፦ ብርሃንና ዐይን

የጥንት ግሪኮች ስለ ማየት ሲከራከሩ ዋናው ጕዳያቸው የመንገዱ ነገር ነበር፤ ይኸውም አንዳች ኃይል ከዐይን ወጥቶ ወደሚታየው ነገር ይሄዳልን፣ ወይስ ከሚታየው ነገር ተነሥቶ ወደ ዐይን ይመጣል የሚል ነው። ፕላቶን በዐይን ውስጥ የማያቃጥል እሳት አለ ብሎ ያስተምር ነበር፤ ኤውክሊድስም ስለ እይታ የጻፈውን ሒሳብ ከዐይን በሚወጡ ቀጥተኛ ጨረሮች ላይ መሠረተው። አርስጣጣሊስ ይህን አልተቀበለም፤ ለእኛ ታሪክ የሚጠቅመው ግን ይህ ክርክሩ ሳይሆን፣ ስለ ሕዋሳት በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ሰው በአንዲት ቅጽበት ሁለት ነገሮችን መገንዘብ ይችል እንደ ሆነ መጠየቁ ነው። ጥያቄው በሙከራ ሳይፈተን ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ቆየ።

በ11ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ በባስራ ተወልዶ በካይሮ የኖረው ኢብን አል ሀይሠም፣ ብርሃን ከነገሩ ወደ ዐይን እንደሚገባ በጨለማ ክፍልና በጠባብ ቀዳዳ እየፈተነ አስረዳ፤ ከዚህም አልፎ በጨረፍታ ማየትና አተኩሮ በመመርመር ማየት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ለይቶ ጻፈ። በ1604 ደግሞ ዮሐንስ ኬፕለር ዐይን ምስሉን ገልብጦ በውስጠኛው ሽፋኑ ላይ እንደሚሥል ካሳየ በኋላ፣ ከዚያ ወዲያ ነፍስ በምስሉ የምታደርገውን ለፈላስፎች ትቶ ወደ ከዋክብቱ ተመለሰ። በእኔ አስተያየት ይህ መተው ትሕትና ብቻ ሳይሆን ጥበብም ነበር፤ የብርሃኑ መንገድ እስከ ዐይን ድረስ ተጠርጎ ሲያልቅ፣ የቀረው ጥያቄ ከዐይን በስተጀርባ ያለው ብቻ መሆኑ በግልጥ ታየና።

1795–1796፦ የግሪንዊች ረዳት

በለንደን አጠገብ በግሪንዊች ኮረብታ ላይ የቆመው የእንግሊዝ ንጉሥ የከዋክብት መመልከቻ ቤት ከሁሉ አስቀድሞ የተሠራው ለመርከበኞች ጥቅም ነበር። መርከበኛ በውቅያኖስ መካከል ኬንትሮሱን እንዲያውቅ የሰማይ አካላት በየሰዓቱ የሚገኙበትን ስፍራ የሚያመለክት ሠንጠረዥ ያስፈልገዋል፤ ሠንጠረዡም የሚሰናዳው አንድ ሰው ሌሊቱን በመነጽር ሥር ተቀምጦ እያንዳንዱ ኮከብ የግሪንዊችን የቀትር መሥመር የሚያቋርጥበትን ቅጽበት ሲመዘግብ ነው። የቤቱ አለቃ ኔቪል ማስክሊን ይህን ሥራ ከ1765 ጀምሮ ሲመራ የኖረ፣ በጥንቃቄውም የታወቀ ሰው ነበር።

የአመዘጋገቡን ሥርዐት ጥቂት ዘርዘር አድርጎ መናገር ያስፈልጋል፤ ነገሩ ሁሉ የተሰወረው በእርሱ ውስጥ ነውና። በመነጽሩ ውስጥ ቀጫጭን ክሮች ከላይ ወደ ታች ተዘርግተዋል። ተመልካቹ አስቀድሞ ሰዓቱ ስንት ሰከንድ ላይ እንዳለ አይቶ ይይዛል፤ ከዚያም ዐይኑን ወደ መነጽሩ መልሶ፣ የሰዓቱን ምት በጆሮው እየቈጠረ፣ ኮከቡ ወደ ክሩ ሲቀርብ ይጠብቃል። ኮከቡ ክሩን ከማለፉ በፊት በመጨረሻው ምት የነበረበትን ቦታ፣ ካለፈም በኋላ በመጀመሪያው ምት የደረሰበትን ቦታ በልቡ ይዞ፣ ሁለቱን ርቀቶች እያመዛዘነ የማለፊያውን ቅጽበት እስከ ዐሥረኛ ሰከንድ ድረስ ይገምታል። ዐይን አንድ ነገር ያያል፣ ጆሮ ሌላ ነገር ይሰማል፣ ልቡናም ሁለቱን በአንዲት ነጥብ ላይ እንዲያገናኝ ይጠየቃል። የዘመኑ ሊቃውንት ይህ ሥርዐት ከአንድ ወይም ከሁለት ዐሥረኛ ሰከንድ በላይ አያሳስትም ብለው ያምኑ ነበር።

በ1795 ክረምት ማስክሊን የረዳቱ የዴቪድ ኪንብሩክ መዝገብ ከራሱ መዝገብ ግማሽ ሰከንድ ያህል እየዘገየ መምጣቱን ተመለከተ። ነገረውም፤ ረዳቱም ሊታረም እንደ ደከመ የሚያጠራጥር ነገር የለም። ነገር ግን በ1796 ጥር ልዩነቱ ጠብቦ በመገኘት ፈንታ ስምንት ዐሥረኛ ሰከንድ ደረሰ። ይህ ለተራ ሰው እንደ ኢምንት የሚቈጠር ጊዜ ነው፤ ምድር ግን በዚያች ጊዜ ውስጥ በወገቧ ላይ ከ300 ሜትር የሚበልጥ ርቀት ትዞራለች፣ በዓለት መካከል ለሚሄድ መርከብም ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ማስክሊን ረዳቱ ትጉህና ጠቃሚ ሰው መሆኑን ሳይክድ፣ እያዘነም፣ አሰናበተው፤ የተሰናበተበትንም ምክንያት በታተመው መዝገብ ውስጥ አሰፈረው። ኪንብሩክም ጥፋቱ ምን እንደ ነበረ ሳይገለጥለት በ1802 በወጣትነቱ ሞተ።

ማስክሊንን ዛሬ ተቀምጦ መውቀስ አይከብድም፤ እርሱ ግን በዘመኑ እውቀት ቀና ፍርድ ፈርዷል። የሚያስገርመው ሌላ ነው፤ ይኸውም ሁለት ሰዎች ተለያይተው ሲገኙ፣ የዘገየው ረዳቱ ይሁን የቀደመው አለቃው ብሎ የጠየቀ አንድ ስንኳ አለመኖሩ ነው። የአለቃው ዐይን እንደ እውነተኛው ሰዓት ተቈጥሮ ነበር።

1816–1850፦ በኮኒግስበርግ

ነገሩ በመዝገብ ውስጥ ተቀብሮ ሃያ ዓመት ከቆየ በኋላ፣ ሊንደናው የተባለ ጀርመናዊ በ1816 ስለ ግሪንዊች ታሪክ ሲጽፍ የረዳቱን መሰናበት ጠቅሶ አለፈ። ይህን ያነበበው ፍሪድሪክ ቤሰል፣ ዛሬ ካሊኒንግራድ በምትባለው በኮኒግስበርግ የከዋክብት መመልከቻ ቤት አለቃ፣ ኋላም በ1838 የአንድን ኮከብ ርቀት ለመጀመሪያ ጊዜ አስተማማኝ አድርጎ የለካው ሊቅ ነው። ቤሰል በሰነፍ ረዳት ታሪክ አልረካም። ትጉህ የተባለ ሰው፣ ስሕተቱ ተነግሮት ለመታረም እየጣረ፣ እየባሰበት የሚሄድ ከሆነ፣ ጥፋቱ ከፈቃዱ ውጭ መሆን አለበት ብሎ አሰበ፤ ራሱንም ከታወቁ ባልንጀሮቹ ጋር ሊፈትን ተነሣ። በ1820 ከዋልቤክ ጋር ሆነው አንዱን ኮከብ በአንዱ መነጽር ሲመዘግቡ፣ ቤሰል ከባልንጀራው ከአንድ ሰከንድ በላይ ቀድሞ ተገኘ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ከአርገላንደር ጋር ያገኘው ልዩነትም ከዚህ የሚበልጥ ነበር። ያ ሁሉ ወቀሳ የደረሰበት የኪንብሩክ ስሕተት በእነዚህ ስመ ጥር ሊቃውንት መካከል ከተገኘው ያነሰ ሆነ ማለት ነው።

እንግዲህ እያንዳንዱ ተመልካች የራሱ የሆነ የጊዜ ልክ እንዳለው ታወቀ፤ ሊቃውንቱም በየመመልከቻ ቤቱ የአንዱን ሰው ልክ ከሌላው ጋር እያስተያዩ መዝገባቸውን ያርሙ ጀመር። ችግሩ ግን ልዩነቱ ጸንቶ የማይቆም፣ ከዓመት ዓመት የሚለዋወጥ መሆኑ ነበር፤ ደግሞም የሚታወቀው የሁለት ሰዎች ልዩነት ብቻ እንጂ ከሁለቱ ማንኛው ከእውነተኛው ጊዜ ምን ያህል እንደራቀ የሚናገር ነገር አልነበረም። የከዋክብት ምርመራ ሳይፈልግ በሰው ልቡና ደጃፍ ላይ ቆመ።

በዚያችው በኮኒግስበርግ ከተማ፣ ቤሰል ከሞተ ከአራት ዓመት በኋላ፣ ኸርማን ፎን ሄልምሆልትስ የሚባል ወጣት መምህር በእንቍራሪት እግር ላይ ሌላ ነገር ለካ። መምህሩ የነበረው ዮሐንስ ሙለር በጅማት ውስጥ የሚያልፈው የስሜት መልእክት ፍጥነቱ ከመለካት በላይ ነው ብሎ ያስብ ነበር፤ የዘመኑም ሰው የነፍስ ትእዛዝ ወደ ጣት ለመድረስ ጊዜ አይወስድበትም ይል ነበር። ሄልምሆልትስ ግን ጅማቱን በኤሌክትሪክ አንድ ጊዜ ከጡንቻው አጠገብ፣ አንድ ጊዜ ራቅ ብሎ እየነካ ጡንቻው የሚኮማተርበትን ጊዜ ቢያነጻጽር፣ በ1850 ያገኘው ፍጥነት በሰከንድ 27 ሜትር ያህል ብቻ ሆነ። ይህ ከፈረስ ግልቢያ ቢበልጥም ከድምፅ እጅግ ያነሰ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመታየትና በመታወቅ መካከል ጊዜ መኖሩ የማይካድ ሆነ፤ ጊዜ ያለው ነገር ደግሞ ሊለካ ይችላል።

ይኸው ሊቅ ከዚህ በኋላ ያደረገውን አንድ ሙከራ ሳልጠቅስ ማለፍ አልወድም። ፊደላት የታተሙበትን ወረቀት በጨለማ ሣጥን ውስጥ አኑሮ፣ ዐይኑን በአንዲት ጭላንጭል ነጥብ ላይ ተክሎ፣ በቅጽበታዊ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ብቻ ያበራው ነበር። ብልጭታው ዐይን እስኪዞር ድረስ አይቆይም። እርሱ ግን አስቀድሞ ልቡን ወደ አንዱ ማዕዘን ቢያዞር፣ ዐይኑ ከነጥቡ ሳይነቃነቅ የዚያን ማዕዘን ፊደላት ያነብባል፤ የቀሩት ሁሉ፣ በዐይኑ እኩል የበሩለት ሆነው ሳሉ፣ ያመልጡታል። ዐይን በአንድ ቦታ ተተክሎ ልብ በሌላ ቦታ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

1861–1900፦ ሐሳብን በሰዓት

በኔዘርላንድ በዩትረክት ከተማ የዐይን ሐኪም የነበረው ፍራንሲስኩስ ዶንደርስ፣ የሰከንድን ክፍልፋይ ለመለካት የተሠሩ መሣሪያዎችን ይዞ፣ ሐሳብ ራሱ የሚወስደውን ጊዜ ሊለይ ተነሣ። ብልሃቱ መቀነስ ነበር። ሰውየው እግሩ በኤሌክትሪክ ሲነካ እጁን እንዲያንቀሳቅስ ያደርግና ይለካዋል፤ ቀጥሎም ቀኝ ይሁን ግራ እግሩ እንደሚነካ ሳይነግረው፣ የተነካውን ለይቶ በዚያው ወገን እጅ እንዲመልስ ያደርገዋል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ላይ የጨመረው ጊዜ መለየትና መምረጥ የሚባለው የልቡና ሥራ ዋጋ ነው፤ እርሱም የሰከንድ ዐሥራ አምስተኛ እጅ ያህል ሆኖ ተገኘ። በ1868 የታተመው ይህ ምርመራ እስከ ዛሬ የሚሠራበት ነው።

ዊልሄልም ቩንት ደግሞ ከ1861 ጀምሮ፣ ሲወዛወዝ ደወል የሚመታ የሰዓት ዘንግ አበጅቶ፣ ደወሉ በተሰማበት ቅጽበት ዘንጉ የት ቦታ እንደ ነበረ ለማየት ይሞክር ነበር። ምንም ያህል ቢጠነቀቅ የሚያየው ቦታ እውነተኛው ቦታ አልነበረም፤ የደወሉ ድምፅና የዘንጉ ምስል በልቡናው ደጅ አንድ ላይ አይገቡም፣ ልቡ ያዘነበለለት ይቀድማል፣ ሌላው ይከተላል። የአርስጣጣሊስ ጥያቄ እነሆ መልስ የሚመስል ነገር አገኘ፤ የግሪንዊችም ስሕተት እንዲሁ፤ ኮከብ የሚያስቀድምና ምት የሚያስቀድም ሰው አንድ ዓይነት መዝገብ ሊኖራቸው አይችልምና። ቩንት በ1879 በላይፕሲግ የከፈተው የመመርመሪያ ክፍል የሥነ ልቡና ትምህርት ራሱን ችሎ የቆመበት ስፍራ ተብሎ ይቈጠራል፤ በ1890 የሃርቫርዱ ዊሊያም ጄምስ ስለ ሥነ ልቡና ባሳተመው ታላቅ መጽሐፍ ማስተዋል የራሱ ሰፊ ምዕራፍ ተሰጠው።

በዚያ መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ሬይመንድ ዶጅ የተባለ አሜሪካዊ ያስገነዘበውን አንባቢው አሁኑኑ በመስተዋት ፊት ቆሞ ሊፈትነው ይችላል። የግራ ዐይንዎን ምስል ይመልከቱ፣ ከዚያም የቀኙን፤ ዐይንዎ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር አጠገብዎ የቆመ ሰው በግልጥ ያየዋል፣ እርስዎ ግን አያዩትም። ዐይን በሚሻገርበት ቅጽበት እይታ ይታገዳል፤ ባለቤቱም መታገዱን አያውቅም።

1913–1939፦ የዝምታ ዘመን

በ1913 ጆን ዋትሰን፣ ሥነ ልቡና እውነተኛ ሳይንስ ይሆን ዘንድ ከውጭ የሚታየውን ጠባይ ብቻ ይመርምር፣ በኅሊና ውስጥ አለ የሚባለውን ሁሉ ይተው ብሎ ተነሣ፤ በአሜሪካም ብዙዎች ተከተሉት። ማስተዋል ከመመርመሪያ ክፍሎች ተባረረ ባይባል እንኳ ስሙን ደፍሮ የሚጠራ አነሰ። በዚህ ዘመን ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም።

1939–1948፦ የራዳር ጠባቂዎች

ዝምታውን የሰበረው ጦርነት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ አየር ኃይል አውሮፕላኖች የጀርመንን ሰርጓጅ መርከቦች ለማግኘት በአትላንቲክ ላይ ለረጅም ሰዓት እየዞሩ ሲያስሱ፣ አንድ ወታደር በራዳሩ መስኮት ፊት ተቀምጦ ትንሽ የብርሃን ነጥብ ይጠብቃል። ነጥቧ ምናልባት ቀኑን ሙሉ አትመጣም፤ ብትመጣ ግን በእርስዋ ላይ የመርከበኞች ሕይወት ተንጠልጥሏል። በዚህ ሥራ ላይ የተመደቡት የተመረጡና የሠለጠኑ ሰዎች ሆነው ሳሉ፣ በመስኮቱ ላይ የታየችውን ነጥብ ማለፋቸው አለቆቹን አስጨነቀ። የጥያቄው መልስ ከኖርማን ማክዎርዝ ተጠየቀ፤ እርሱም በካምብሪጅ፣ ኬኔት ክሬክ የተባለው ባለ ብሩህ አእምሮ ወጣት በ1944 መምራት በጀመረው፣ ለሥራ የሚጠቅም የሥነ ልቡና መመርመሪያ ክፍል ይሠራ ነበር፤ ክሬክ ራሱ በሚቀጥለው ዓመት በብስክሌት አደጋ ሞተ።

የማክዎርዝ መሣሪያ እስኪያሳዝን ድረስ ቀላል ነው። ቍጥር የሌለበት ነጭ የሰዓት ገጽ፣ በላዩም በየሰከንዱ አንድ እርምጃ የምትዘል ጥቍር ዘንግ፤ አልፎ አልፎ ዘንጊቱ ሁለት እርምጃ በአንድ ጊዜ ትዘላለች፣ ጠባቂውም ይህን ባየ ጊዜ ቍልፍ ይጫናል። ሥራው ሁለት ሰዓት ይቆያል። ውጤቱም ይህ ሆነ፤ ጠባቂው ከፍተኛ የሆነ ንቃቱን የሚያጣው ሲደክመው፣ በሁለተኛው ሰዓት መጨረሻ ላይ ሳይሆን፣ ገና የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ሲያልፍ ነው። የወረደውን ንቃት አጭር ዕረፍት ይመልሰዋል፤ ቤንዜድሪን የሚባለውም መድኃኒት እንዳይወርድ ይይዘዋል። በ1948 ይህ ሲታተም፣ በትጋት ይገኛል ሲባል የኖረው ነገር ልክ ያለው፣ የሚያልቅና የሚታደስ መሆኑ ለአዛዦቹ ሳይቀር ግልጥ ሆነላቸው። ወታደሩን በግማሽ ሰዓት መለወጥ ከማስፈራራት የረከሰ መድኃኒት ነበር።

1953–1964፦ ሁለት ጆሮ፣ አንድ ልብ

ከጦርነቱ በኋላ ሰማዩ በመንገደኛ አውሮፕላን እየተሞላ ሲሄድ፣ በአየር ማረፊያ ግንብ ላይ የተቀመጠው ተቈጣጣሪ የብዙ አብራሪዎችን ድምፅ በአንድ የድምፅ ማጕያ ተደበላልቆ እየሰማ የሚያስፈልገውን ለመለየት ይቸገር ነበር። በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ የሚያስተምረው መሐንዲስ ኮሊን ቼሪ ነገሩን ከሥሩ ሊመረምር ወደደ። በሠርግ ድንኳን የተቀመጠ ሰው ከበሮው እየተመታ፣ አዝማሪው እየዘፈነ፣ በግራና በቀኙ ወሬ እየተወራ፣ የባልንጀራውን ቃል ለይቶ ይሰማል፤ ይህን እንዴት አድርጎ ይችለዋል?

ቼሪ ለሰዎች በሁለቱ ጆሮ ሁለት የተለያዩ ንግግሮች አሰማቸው፤ በአንዱ ጆሮ የሚመጣውን እየተከተሉ ቃል በቃል በአፋቸው እንዲደግሙት አዘዛቸው። ይህን ያለ ብዙ ችግር አደረጉት። ከዚያም በሌላው ጆሮ ምን እንደ ሰሙ ሲጠየቁ መልሳቸው እጅግ ድሃ ሆነ። የሰው ንግግር መሆኑን ያውቃሉ፤ ድምፁ ከወንድ ወደ ሴት ቢለወጥ ያውቃሉ፤ ስለ ምን እንደ ተናገረ ግን አንዳች አያውቁም። ንግግሩ ከእንግሊዝኛ ወደ ጀርመንኛ ሲለወጥ እንኳ ሳያስተውሉ ቀሩ። ጆሮአቸው ደንቍሮ አይደለም፤ ድምፁ ገብቷል፣ ትርጓሜው ግን ከደጅ ቀርቷል። የ1953ቱ የቼሪ ጽሑፍ ጥቂት ገጽ ብቻ ነው፤ እኔ ግን ከዚህ ታሪክ ሁሉ መካከለኛው ምሰሶ አድርጌ የምቈጥረው እርሱን ነው፤ በዐይን የተጀመረው ጥያቄ በጆሮ መፈተን የሚችል መሆኑን ያሳየ እርሱ ነውና።

በማክዎርዝ ክፍል ውስጥ ይሠራ የነበረው ዶናልድ ብሮድቤንት ይህን ወስዶ ሥርዐት አበጀለት። እርሱ በበኩሉ ለሰዎች በቀኝ ጆሮ ሦስት ቍጥሮች፣ በዚያችው ጊዜ በግራ ጆሮ ሌሎች ሦስት ቍጥሮች ቢያሰማቸው፣ እንደ ተሰሙበት ቅደም ተከተል ጥንድ ጥንድ እያደረጉ አይመልሱም፤ የአንዱን ጆሮ ጨርሰው ወደ ሌላው ይሄዳሉ። ከዚህም ተነሥቶ በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በሕዋሳትና በልቡና መካከል ማጥለያ አለ፣ ልቡናም በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው ውሱን ስለ ሆነ ማጥለያው በቦታው፣ በድምፁ ዓይነት፣ በመሳሰለው ግዙፍ ምልክት እየለየ አንዱን ያሳልፋል፣ ሌላውን ያስቀራል ብሎ አስተማረ። ከስልክና ከሬዲዮ ትምህርት የተወሰደ አስተሳሰብ ነበር፤ ነገር ግን ዋትሰን የዘጋውን በር የከፈተ እርሱ ነው፤ ከእንግዲህ ወዲያ ስለ ልቡና ውስጣዊ ሥራ መናገር የሚያሳፍር መሆኑ ቀረ።

ትምህርቱ ገና ቀለሙ ሳይደርቅ እንቅፋት ገጠመው። ኔቪል ሞሬይ በኦክስፎርድ በ1959 እንዳሳየው፣ ባልተከተሉት ጆሮ የራሳቸው ስም ሲጠራ ከሰዎቹ ሲሶ ያህሉ ይሰሙታል። ማጥለያው በግዙፍ ምልክት ብቻ የሚለይ ቢሆን ኖሮ ስም ከሌላ ቃል ተለይቶ እንዴት ያልፋል? በዚያው ዩኒቨርሲቲ የነበረችው አን ትሪዝማን ደግሞ በአንድ ጆሮ የሚሄደውን ዐረፍተ ነገር በመካከል ቈርጣ ቀሪውን ወደ ሌላው ጆሮ ብታሻግረው፣ ሰዎቹ የታዘዙትን ጆሮ ትተው ትርጕሙን ተከትለው ለአንድ ወይም ለሁለት ቃል ያህል ይሻገሩና ሳያውቁት ይመለሳሉ። እርስዋ ከዚህ ያወጣችው ትምህርት ማጥለያው የሚዘጋ ሳይሆን የሚያደክም ነው የሚል ነው፤ ያልተመረጠው ድምፅ ቀጥኖ ያልፋል፣ እንደ ራስ ስም ያለ ሁልጊዜ የሚጠበቅ ቃል ግን በቀጭኑም ይነቃል። ሌሎች ደግሞ ሁሉ ነገር እስከ ትርጕሙ ድረስ ይገባል፣ ምርጫው ከዚያ በኋላ ነው ብለው ተከራከሩ፤ ክርክሩ ሠላሳ ዓመት ቆየ፣ አሸናፊም አልተገኘለትም።

1958–1985፦ ዐይንና አንጎል

በዚህ መካከል ሌሎች ሊቃውንት ከውስጥ መጡ። ዴቪድ ሂውበልና ቶርስተን ቪዝል በባልቲሞር፣ በድመት አንጎል ውስጥ ያለ አንድ ሕዋስ በምን እንደሚነቃ ሲፈልጉ፣ ሕዋሱ የነቃው ባሳዩት ነጥብ ሳይሆን ነጥቡ ያለበት መስታወት ሲገባ ጠርዙ በጣለው ጥላ ነበር፤ ከዚህ አጋጣሚ ተነሥተው አንጎል የሚያየውን በጠርዝና በመሥመር አቅጣጫ እየበታተነ እንደሚመረምር አሳዩ፤ በ1981 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። የሞስኮው አልፍሬድ ያርቡስም በሰው ዐይን ላይ ትንሽ መስታወት እያጣበቀ፣ ሠዓሊው ረፒን ከስደት ስለ ተመለሰ ሰው የሣለውን ሥዕል እንዲያዩ ሲያደርግ፣ የቤቱ ሰዎች ሀብታም ናቸውን ተብለው ቢጠየቁ ዐይናቸው ወደ ዕቃውና ወደ ልብሱ፣ ስለ ዕድሜያቸው ቢጠየቁ ወደ ፊታቸው እንደሚሮጥ መዘገበ። አጥርቶ የሚያየው የዐይን ክፍል እጅግ ጠባብ ስለ ሆነ፣ ጥያቄው ሲለወጥ የሚታየው ሥዕልም ይለወጣል።

ሁለቱን መንገዶች፣ የማስተዋልን ሙከራና የአንጎልን ምርመራ፣ ያገናኘው በ1985 የታተመው የሞራንና የዴሲሞን ምርመራ ነው። አንድ የዝንጀሮ አንጎል ሕዋስ በሚያይበት ስፍራ ውስጥ ሁለት ነገሮች ቀርበውለት፣ ዝንጀሮው አንዱን ብቻ እንዲያስተውል ሲሠለጥን፣ ሕዋሱ ያልተስተዋለው ነገር የሌለ ያህል ሆኖ ለተስተዋለው ብቻ ይመልሳል። ብሮድቤንት በሥዕል የሣለው ማጥለያ በሥጋ ውስጥ ታየ።

1975–2013፦ በግልጥ የተሰወረው

ኡልሪክ ናይሰር በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በ1975 ሁለት ፊልሞችን አንዱን በሌላው ላይ ደርቦ በማሳየት የቼሪን ሙከራ ወደ ዐይን መለሰው፤ አንዱን ጨዋታ የሚከተል ሰው በዚያው ቦታ ላይ የሚታየውን ሌላውን አያውቀውም። ጃንጥላ ይዛ በተጫዋቾች መካከል የምታልፍ ሴትም ብዙዎች ሳያዩአት አለፈች። ፊልሙ የተደራረበና ጥላ መሰል ስለ ነበረ ግን ብዙ ሰው ነገሩን ከቁም ነገር አልቈጠረውም። ዳንኤል ሳይመንስና ክሪስቶፈር ቻብሪስ በ1999 በሃርቫርድ በጠራ ፊልም ደገሙት፤ ነጭ የለበሱት ተጫዋቾች ኳስ የሚቀባበሉትን ብዛት ይቈጥሩ ዘንድ የታዘዙ ተመልካቾች፣ የጎሪላ ልብስ የለበሰ ሰው በመካከል ሲያልፍ ግማሽ ያህሉ አላዩም። ይህ ፊልም በዓለም ሁሉ ታወቀ፤ እንደ ጨዋታ መታየቱ ግን በእኔ ፍርድ ጎድቶታል፣ ተመልካቹ ስቆ ስለሚያልፍና ቁም ነገሩን ስለሚተወው።

ቁም ነገሩ በመንገድ ላይ ታየ። በ2001 የዩታ ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ስትሬየር መንዳትን በሚያስመስል ሥራ ባደረገው ምርመራ፣ በስልክ የሚነጋገር ነጂ ስልኩን በእጁ ይያዝ አይያዝ፣ የመንገድ መብራትን የመሳቱ ነገር እኩል ሆኖ ተገኘ፤ የሚያሰናክለው የተያዘ እጅ ሳይሆን የተያዘ ልብ ነበረና። በብዙ አገር ያለው ሕግ ግን እስከ ዛሬ የሚከለክለው እጅን ነው።

በ2013 ትራፍተን ድሩ፣ ሜሊሳ ቮና ጄረሚ ዎልፍ በሳንባ የራጅ ምስል ውስጥ የጎሪላ ሥዕል አስገብተው ለ24 የራጅ ሐኪሞች አቀረቡት። ጎሪላው ሐኪሞቹ ከሚፈልጉት እባጭ 48 እጥፍ ይበልጥ ነበር፤ ከ24ቱ 20ው አላዩትም። የዐይናቸው እንቅስቃሴ ሲመረመር፣ ካላዩት መካከል የሚበልጡት ዐይናቸውን በቀጥታ በእርሱ ላይ አሳርፈው ነበር። ሐኪሞቹን ለመበደል ካልሆነ በቀር፣ ሙያው ከሌላቸው ተፈታኞች አንድ ስንኳ እንዳላየው አብሮ መናገር ተገቢ ነው።

ዎልፍ ከዚህ አስቀድሞ በ2005 ከባልንጀሮቹ ጋር ያገኘው ነገር ለጠባቂዎች ሥራ ከጎሪላው ይልቅ ይከብዳል። የሚፈለገው ነገር ከሁለት ምስል በአንዱ የሚገኝ ሲሆን ፈላጊው የሚስተው 7 ከመቶ ያህል ነው፤ ከመቶ ምስል በአንዱ ብቻ የሚገኝ ሲሆን ግን የሚስተው 30 ከመቶ ይደርሳል። ብርቅ የሆነ ነገር፣ ብርቅ በመሆኑ ብቻ፣ ከዐይን ይሰወራል። በአየር ማረፊያ የመንገደኛን ሻንጣ በራጅ የሚመለከቱ ፈታሾች ዕድሜያቸውን ሙሉ እውነተኛ ቦምብ ላያዩ ስለሚችሉ፣ መሣሪያው ራሱ አልፎ አልፎ የሐሰት መሣሪያና ፈንጂ ሥዕል በንጹሕ መንገደኛ ሻንጣ ምስል ላይ ይጥልባቸዋል፤ ፈታሹ ካወቀው ወዲያው ይነገረዋል፣ ካለፈውም ይመዘገብበታል። የአውሮፓ ኅብረት ደንብም ፈታሹ ያለማቋረጥ ምስል ማየት የሚገባው በተለመደ ጊዜ ከ20 ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ እንደ ሆነ፣ ከዚያም ቢያንስ ለ10 ደቂቃ ወደ መስኮቱ እንዳይመለስ ያዝዛል።